ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት

የዛሬው ጽሑፌ መነሻ በክፍሌ ውስጥ የተነሣ ክርክር ነው።

ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ ጠፈር ጉዞ ሳስተምር፣ ቻሌንጀር የምትባለው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ስለ ደረሰባት አደጋ ነገርኳቸው። ከሞቱት ሰባት ሰዎች አንዷ እንደ እኔው መምህርት ስለ ነበረች ታሪኩን እወደዋለሁ። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ተማሪዎች መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዘው መጡ። ስልክ ቻርጅ ከሚደረግበት ሱቅ ከሌላ ሰው የተቀበሉት ቪዲዮ ነበር። “ቲቸር፣ ሰዎቹ እኮ አልሞቱም! ሰባቱም በሕይወት አሉ፤ ይኸው ፎቶአቸው” አሉኝ።

ቪዲዮው በአንድ በኩል የሟቾቹን የድሮ ፎቶግራፍ፣ በሌላ በኩል የዛሬ ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን ፎቶግራፍ ያሳያል። በመካከሉ መንኮራኩሯ በሰማይ ላይ ስትበታተን ይታያል። ከሥሩ የሚያስፈራ ሙዚቃ አለ። የተናጋሪው ድምፅ “ዓይናችሁን ክፈቱ፣ ተታላችኋል” ይላል።

እውነቱን ለመናገር ለጊዜው መልስ አጣሁ። “ውሸት ነው” ብሎ መቆጣት ቀላል ነበር። ነገር ግን “እርስዎስ እንዴት አወቁ?” ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? አደጋው ሲደርስ እኔ ገና አልተወለድኩም። ስለዚህ “አንድ ሳምንት ስጡኝ” አልኳቸውና ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ለሦስቱ ልጆች ብቻ ከምነግር ለሁላችንም ይጠቅማል ብዬ እነሆ አቀርባለሁ። ነገሩ የጠፈር ብቻ አለመሆኑንም ወደ መጨረሻው ትመለከታላችሁ።

አደጋው እንዴት ደረሰ?

ቀኑ ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ማለት ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት ነው። ፍሎሪዳ ሞቃት አገር ናት፤ የዚያን ዕለት ሌሊት ግን ውርጭ ወርዶ በማስወንጨፊያው ብረት ላይ በረዶ ተጋግሮ ነበር። መንኮራኩሯ ስትነሣ የአየሩ ሙቀት 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ብቻ ነበር።

በውስጧ ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ እነርሱም ፍራንሲስ ስኮቢ፣ ማይክል ስሚዝ፣ ጁዲት ሬዝኒክ፣ ኤሊሰን ኦኒዙካ፣ ሮናልድ ማክኔር፣ ግሪጎሪ ጃርቪስና ክሪስታ ማኮሊፍ ናቸው። ክሪስታ ማኮሊፍ የ37 ዓመት የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ከ11,000 በላይ ከሚሆኑ አመልካች መምህራን መካከል ተመርጣ፣ ከጠፈር ሆና ለተማሪዎች ሁለት ትምህርት ልትሰጥ ነበር የሄደችው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በቴሌቪዥን ይጠባበቁ ነበር። ወላጆቿም በቦታው ቆመው ወደ ላይ ይመለከቱ ነበር።

መንኮራኩሯ ከተነሣች በ73ኛው ሴኮንድ፣ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሳለች ተበታተነች። ሰባቱም ሞቱ።

ቪዲዮውን እንዴት እንጠይቀው?

አባቶቻችን “ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል” ይላሉ። ዐይን ያቀርባል እንጂ አይፈርድም ማለት ነው። እኔም ልጆቹ ያመጡልኝን ቪዲዮ በአራት ጥያቄዎች መረመርኩት።

1ኛ/ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ ይሆናል ወይ?

ወሬው ዋናውን ጉልበት ያገኘው ከመመሳሰል ነው። “ይህ ሰው ሮናልድ ማክኔርን ይመስላል፤ ያኛው ደግሞ ኦኒዙካን ይመስላል” ይላል። ነገሩ ሲጣራ ግን ሁለቱ ሰዎች የሟቾቹ ወንድሞች ሆነው ተገኙ። ወንድም ወንድሙን ቢመስል ምን ይገርማል? ሁለቱም ከአደጋው በፊት የነበሩ፣ ሰው የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው። “ጁዲት ሬዝኒክ ናት” የተባለችውም ስሟ ከሟቿ ስም ጋር አንድ የሆነ የሕግ መምህርት ናት። እርሷም አደጋው ከመድረሱ ከዓመታት በፊት ጀምሮ ሕግ ታስተምር ነበር። አንድ ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ ጠፈርተኛም፣ በሌላ ከተማ የሕግ መምህርትም ሊሆን አይችልም።

በእኛ ካምፕ ውስጥ አንድ ዓይነት የአባት ስም ያላቸው ስንት ሰዎች እንዳሉ በራሽን ቀን ስም ሲጠራ የሚሰማ ሁሉ ያውቃል። በአንድ ስም ሁለትና ሦስት ሰው “አቤት” ይላል።

2ኛ/ ሥዕሉ ከየት መጣ?

ለዚህ ከቻሌንጀር በኋላ የደረሰ ሌላ አደጋ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ኮሎምቢያ የምትባል መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ ተበታትና ሰባት ሰዎች አለቁ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ስትነሣ ከነዳጅ ታንኳ የተገነጠለ የአረፋ ቁራጭ የግራ ክንፏን መትቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ “ኮሎምቢያ ስትፈነዳ ከሳተላይት የተነሡ ፎቶግራፎች” የተባሉ ሥዕሎች ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ተላለፉ። ብዙ ሰው አመነ። ሥዕሎቹ ግን በ1998 ከወጣ “አርማጌዶን” ከሚባል የአሜሪካ ፊልም የተወሰዱ ነበሩ። ፊልሙ የተሠራው ከአደጋው አምስት ዓመት ቀድሞ ነው።

ሥዕሎቹን ለማጋለጥ ምሁር መሆን አላስፈለገም። ፊልሙን ያየ ሰው ብቻ በቂ ነበር። ስለዚህ ማን አነሣው? መቼ? የት? ከዚህ በፊትስ ያየው ሰው አለ? ብሎ መጠየቅ ነው። ዛሬ ደግሞ ኮምፒዩተር ያልተናገረውን ሰው እንደ ተናገረ አስመስሎ ይሠራል፤ ጥያቄው ከበፊቱ ይልቅ ያስፈልገናል።

3ኛ/ ቪዲዮው እውነተኛ ቢሆንስ፣ የሚለንን በትክክል ተረድተናል ወይ?

ቻሌንጀር ስትበታተን የሚያሳየው ፊልም እውነተኛ ነው። ሆኖም እውነተኛ ፊልምም ያሳስታል። አንድ ትልቅ ነጭ ደመና ስለምናይ “ፈነዳች” እንላለን። በርግጥ የሆነው ግን ትልቁ የነዳጅ ታንክ ተሰብሮ ውስጡ የነበረው ነዳጅ በአንድ ጊዜ ሲቃጠል፣ መንኮራኩሯ አቅጣጫዋን ስታ የአየሩ ኃይል ሰባበራት። ሰዎቹ የነበሩበት ክፍል ከደመናው ወጥቶ ጥቂት ወደ ላይ ከሄደ በኋላ ወደ ባሕር ወደቀ።

ከዚሁ ፊልም ላይ አንድ ጃንጥላ ቀስ እያለ ሲወርድ ይታያል። በዚያ ሰዓት ሰው የመሰላቸው ነበሩ። በመንኮራኩሯ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ግን ዘለው የሚወርዱበት ጃንጥላ አልነበራቸውም። የታየው ከሁለቱ ደጋፊ ሮኬቶች የአንዱ አናት ክፍል ጃንጥላ ነበር። ሰው የሚመኘውን ያያል። እኔ በዚህ አልስቅም፤ ወገኑ በዚያ ላይ ያለበት ሰው ጃንጥላ ሲያይ ልቡ ቢዘል የሰው ወግ ነው።

4ኛ/ ወሬው እውነት ቢሆን ኖሮ ሌላ ምን መኖር ነበረበት?

ሰባቱ ሰዎች ቢደበቁ ኖሮ ወላጆቻቸው፣ ባሎቻቸውና ሚስቶቻቸው፣ ልጆቻቸው ሁሉ አርባ ዓመት ያህል ማስመሰል ነበረባቸው። ቤተሰቦቹ ግን በዚያው በ1986 በሟቾቹ መታሰቢያነት ለተማሪዎች የሳይንስ ማስተማሪያ ማእከል አቋቋሙ። በማርች 1986 ጠላቂዎች ሰዎቹ የነበሩበትን ክፍል 30 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ባሕር ውስጥ አገኙት፤ አስከሬኖቹም ወጡ። በ2022 ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጠፋ አውሮፕላን የሚፈልጉ የፊልም ሰዎች በፍሎሪዳ አጠገብ ከባሕር ሥር ትልቅ ስባሪ አገኙ። ናሳ መርምሮ የቻሌንጀር አካል መሆኑን አረጋገጠ። እነዚህ ሰዎች ሌላ ነገር ሲፈልጉ ነው ይህን ያገኙት።

ወሬው ይህን ሁሉ አይመልስም። “እነሱም የሴራው ተካፋዮች ናቸው” ብቻ ይላል። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ምንም ዓይነት ማስረጃ ሊያስተባብለው አይችልም። በምንም የማይስተባበል ወሬ ደግሞ ሊመረመር አይችልም።

ታዲያ የተደበቀ ነገር አልነበረም ወይ?

ከልጆቹ አንዱ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ። “ቲቸር፣ መንግሥታት እኮ ይዋሻሉ። እኛ ይህን አናውቅም?” አለኝ። ልክ ነው። እዚህ ያለን ሰዎች ከባለሥልጣን አፍ የወጣ ሁሉ እውነት እንዳልሆነ ማንም አያስተምረንም። መጠራጠር ነውር አይደለም።

በቻሌንጀርም ጉዳይ ተሸፋፍኖ የነበረ ነገር ነበር። የሮኬቶቹ ክፍሎች የሚገጣጠሙበት መጋጠሚያ፣ ጋዝ እንዳያፈተልክ በጎማ ቀለበት ይታሸጋል። መካኒኮቻችን ጎሚኒ እንደሚሉት ዓይነት ነው። ጎማ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፤ የቦኖ ውሃ ቧንቧ ጎማው ሲደርቅ እንደሚያንጠባጥብ ማለት ነው። በሮኬት ውስጥ ግን የሚያፈተልከው ውሃ ሳይሆን እሳት ነው።

ሮኬቶቹን በሠራው በሞርተን ታይኮል ኩባንያ የሚሠራው መሐንዲስ ሮጀር ቦዠሌ፣ አደጋው ከመድረሱ ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ ይህ ነገር የሰው ሕይወት ሊያጠፋ እንደሚችል ለአለቆቹ ጽፎ ነበር። በዋዜማው ሌሊት መሐንዲሶቹ በስልክ ስብሰባ ላይ ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ በታች ከሆነ መንኮራኩሯ እንዳትነሣ ተከራከሩ። የናሳ ኃላፊዎች ጉዞው ደጋግሞ ስለ ተራዘመ አልወደዱትም። በመጨረሻም የኩባንያው አለቆች የመሐንዲሶቻቸውን ምክር ትተው “ትነሣ” አሉ። አለን ማክዶናልድ የሚባለው የኩባንያው ሌላ መሐንዲስ ግን በዚያ ላይ ፊርማዬን አላኖርም አለ።

ይህ ሁሉ እንዴት ታወቀ? ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው። አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ማክዶናልድ ሳይጠየቅ በስብሰባው መካከል ተነሥቶ የሌሊቱን ክርክር ተናገረ። ለዚህም በኩባንያው ውስጥ ከደረጃው ዝቅ ተደርጎ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ጣልቃ ሲገቡ ነው የተመለሰው። ፊልሞቹ አንድ በአንድ ሲመረመሩ፣ መንኮራኩሯ በተነሣች አንድ ሴኮንድ እንኳ ሳይሞላ ከቀኝ ሮኬት መጋጠሚያ ጥቁር ጭስ፣ በ59ኛው ሴኮንድ ገደማም የእሳት ነበልባል ታየ። የኮሚሽኑ አባል የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን ደግሞ በሕዝብ ፊት የዚያን ጎማ ቁራጭ በመቆንጠጫ ጨምቆ በረዶ ባለበት የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ነከረው። ሲያወጣውና ሲለቀው ጎማው ወደ ቅርጹ ቶሎ አልተመለሰም። ማንም ሰው በቤቱ ሊሠራው የሚችል ሙከራ ነው። ኮሚሽኑ በጁን 1986 ሪፖርቱን አወጣ። መጋጠሚያው እንደገና እስኪሠራና መንኮራኩሮቹ በሴፕቴምበር 1988 እንደገና እስኪነሡ ድረስ ጉዞ ቆመ።

ልዩነቱን እንመልከት። የተደበቀውን ያወጡት ስማቸውን አስቀምጠው የተናገሩ ሰዎች፣ ቀንና ፊርማ ያለባቸው ደብዳቤዎች፣ ሙሉ ፊልምና ማንም ሊደግመው የሚችል ሙከራ ናቸው። በልጆቹ ስልክ ያለው ቪዲዮ ግን ሠሪው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ፊልሙ ተቆራርጧል፤ ሙዚቃ ተጨምሮበታል። ከዚህም በላይ ሐዘኑ የሚሰማው እውነተኛውን ጥፋት የሚሸፍን መሆኑ ነው። “አልሞቱም” ካልን የሚጠየቅ የለም፤ ማስጠንቀቂያውን የናቁት አለቆችም ነፃ ናቸው።

ወደ ደጃችን ስንመለስ

ትምህርቱን ጨርሼ ሁሉም ከወጡ በኋላ፣ ስልኩን ካመጡት ሦስት ልጆች አንዷ ወደ ኋላ ቀረች። “ቲቸር፣ እነዚህን ጥያቄዎች በእናቴ ስልክ ያለውን ቪዲዮም መጠየቅ ይቻላል?” አለችኝ።

እናቷ ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም። ታላቅ ልጃቸው ከአራት ዓመት በፊት በሱዳን በኩል ወደ ሊቢያ እሄዳለሁ ብሎ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። በቅርቡ ከማያውቁት ቁጥር የ11 ሴኮንድ ቪዲዮ ደረሳቸው። አንድ የከሳ ወጣት ጨለማ ቤት ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ፊቱ በግማሽ ይታያል፤ አይናገርም። ከሥሩ “ልጅሽ በሕይወት አለ፤ ገንዘብ ላኪ” የሚል መልእክት ነበር። እናቲቱ ከዕቁብ ተበድረው፣ ራሽናቸውን ሸጠው 150 ዶላር ላኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ 400 ተጠየቁ።

ማታ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ቪዲዮውን አብረን ደጋግመን አየነው። “ልጄ፣ ይኸውልህ ዓይኑ። እናት ልጇን ታጣዋለች?” አሉኝ።

“አያጡትም፤ ነገር ግን ይህን ሰው አንድ ነገር እንጠይቀው። ልጅዎ ብቻ የሚያውቀው ምን አለ?” አልኳቸው።

ጥቂት አሰቡና፣ በአገር ቤት ሳሉ ልጁ ያሳደጋት ጥጃ ስም እንደ ነበራት ነገሩኝ። ልጅቷ ያንን ጥያቄ ጽፋ ላከች። መልሱ ስድብ ነበር። ቀጥሎ “ቶሎ ላኪ፣ አለዚያ ይሞታል” መጣ። ጥጃዋን እንደገና ጠየቅን። ቁጥሩ ተዘጋ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ በሌላ ብሎክ የምትኖር አንዲት እናት ይህንኑ የ11 ሴኮንድ ቪዲዮ፣ ያንኑ ወጣት፣ በእርሷ ልጅ ስም እንደ ተቀበለች ሰማን።

ይህን በነገርኳቸው ጊዜ እናቲቱ ዝም አሉ። ቆይተውም “ታዲያ ልጄ ሞቷል ማለት ነው?” አሉኝ።

“አይደለም። ይህ ቪዲዮ ስለ ልጅዎ የሚነግረን ነገር የለም ማለት ነው። በሕይወት ስለ መኖሩም ስለ መሞቱም አያውቅም” አልኳቸው።

እውነት ስለ ተገለጠ የተደሰተ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ከአንድ ወሬ መውጣት ወደ ሌላ ወሬ መግባት እንዳይሆን ግን ተጠነቀቅን። በማግስቱ ልጅቷ፣ እናቷና እኔ ሆነን ወደ ቀይ መስቀል የጠፉ ቤተሰቦች ፍለጋ ክፍል ሄድን። አገልግሎቱ በነፃ ነው። እናቲቱ የልጃቸውን ሙሉ ስም፣ የወጣበትን ወር፣ በግራ ክንዱ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ አስመዘገቡ። መልስ እስካሁን አልመጣም። ቢሆንም ያስመዘገቡት እውነተኛ ልጃቸውን ነው።

ምን እናድርግ?

በመማሪያ ክፍላችን ሰሌዳ ጥግ ላይ እነዚህን ጽፈናቸዋል፤ እናንተም በየቤታችሁ ተነጋገሩባቸው።

— ይህን ማን አነሣው? መቼና የት?
— ሙሉ ነው ወይስ ተቆራርጧል?
— ከመመሳሰል ሌላ ምን ማስረጃ አለ?
— እውነት ቢሆን ሌላ ምን መታየት ነበረበት?
— “ቶሎ፣ ለማንም ሳትናገር” የሚለኝ ለምንድን ነው?

በስልክ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ “በዚህ ሳምንት ካልከፈላችሁ ከስም ዝርዝር ትወጣላችሁ” የሚል፣ ወይም የጠፋ ዘመዳችሁን አገኘሁ የሚል መልእክት ሲደርሳችሁ ብቻችሁን አትወስኑ። መልእክቱን አታጥፉ፤ ለብሎክ ተጠሪያችሁና ለፕሮቴክሽን ቢሮ አሳዩ። የታገተ ሰው በርግጥ ሊኖር ስለሚችል ማስታወቁ በሁለቱም መንገድ ይጠቅማል።

ያንን ስልክ ይዘው የመጡትን ልጆች አመሰግናቸዋለሁ። ባያመጡት ኖሮ እኔም አላነብም፣ የ400 ዶላሩም ብድር ይቆም ነበር ብዬ አላስብም። ልጆቻችን እንዲህ ያለ ነገር ይዘው ሲመጡ “ዝም በል” አንበላቸው፤ አብረናቸው እንመርምር።

የሰማ ላልሰማ ያሰማ። ቸር ወሬ ያሰማን።

ከአንድ የካምፑ መምህር